ጌም ሾው ኔትወርክ፦ አዲስ ዝግጅቶችና የቆዩ ውድድሮች ድጋሚ ስርጭት

ጌም ሾው ኔትወርክ (በአጭሩ ጂ.ኤስ.ኤን.) በአሜሪካ የሚገኝ፣ ሙሉ የአየር ሰዓቱን ለጥያቄና መልስ እና ለሌሎች የሽልማት ውድድሮች የሰጠ የኬብልና የሳተላይት ቴሌቪዥን ጣቢያ ነው። ስርጭቱን የጀመረው ዲሴምበር 1 ቀን 1994 ሲሆን ባለቤቱ ሶኒ ፒክቸርስ የተባለው ኩባንያ ነው። «ጌም ሾው» የሚለው ስም ተወዳዳሪዎች በስቱዲዮ ውስጥ ለገንዘብ ወይም ለዕቃ ሽልማት የሚጫወቱበትን የቴሌቪዥን ዝግጅት ያመለክታል።

ጣቢያው ከተመሠረተ ጀምሮ የአየር ሰዓቱን ለሁለት ዓይነት ዝግጅቶች ሲያካፍል ቆይቷል። አንደኛው ሌሎች ጣቢያዎች ቀደም ሲል ያሳዩአቸው ውድድሮች ድጋሚ ስርጭት ነው። ሁለተኛው ጣቢያው ራሱ ገንዘብ አውጥቶ የሚያሠራቸው አዳዲስ ዝግጅቶች ናቸው። የሁለቱ ድርሻ በየዘመኑ ተቀያይሯል። ለዚህም ከተመልካቹ ምርጫ እኩል ወሳኝ የሆነው የማሰራጨት መብቱ በማን እጅ እንደሚገኝ ነው። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

የቆዩ ውድድሮች ክምችት

ጌም ሾው በአሜሪካ ቴሌቪዥን ከመጀመሪያዎቹ ዓመታት ጀምሮ የነበረ የዝግጅት ዓይነት ነው። ቀረጻው በአንድ ስቱዲዮ ውስጥ ስለሚካሄድና ተወዳዳሪዎቹም ከሕዝብ ስለሚመጡ ከድራማ ጋር ሲነጻጸር ወጪው አነስተኛ ነው። በአንድ ቀን በርካታ ክፍሎችን ቀርጾ መጨረስም የተለመደ ነው። በዚህ ምክንያት በየቀኑ የሚታይ አንድ ተወዳጅ ውድድር በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከሺህ በላይ ክፍሎች ይኖሩታል።

ከእነዚህ ክፍሎች ግን ብዙዎቹ ዛሬ የሉም። በ1950ዎቹ ዝግጅቶች በቀጥታ ይተላለፉ ስለነበር ሊቀመጡ የሚችሉት ኪነስኮፕ በተባለው ዘዴ፣ ማለትም የቴሌቪዥኑን መስኮት በፊልም ካሜራ በማንሳት ነበር። የቪዲዮ ቴፕ ከመጣ በኋላም ቴፑ ውድ ስለነበር ጣቢያዎች የታየውን ክፍል እያጠፉ በዚያው ቴፕ ላይ ሌላ ይቀርጹበት ነበር። የጠዋትና የቀትር ውድድር አንድ ጊዜ ከታየ በኋላ ተመልሶ ይፈለጋል ብሎ ያሰበ ሰው ጥቂት ነበር።

የዚህ ጉዳት ዋና ምሳሌ «ጄፐርዲ!» የተባለው የጥያቄና መልስ ውድድር ነው። አርት ፍሌሚንግ እያቀረበው ከ1964 እስከ 1975 በኤን.ቢ.ሲ. የታየው የመጀመሪያው ዘመን ከ2,700 በላይ ክፍሎች ነበሩት። ከእነዚህ ውስጥ ተርፈው የተገኙት በጣም ጥቂት ናቸው።

በተቃራኒው «ዋትስ ማይ ላይን?» የተባለው ውድድር በአብዛኛው ተርፏል። ይህ ዝግጅት ከ1950 እስከ 1967 በሲ.ቢ.ኤስ. የታየ ሲሆን አራት ታዋቂ ሰዎች አንድን እንግዳ እየጠየቁ ሥራው ምን እንደሆነ ለመገመት ይሞክሩበት ነበር። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት የነበሩት ፊልሞች በብዛት ተወግደዋል። በ1952 ግን አዘጋጆቹ ማርክ ጉድሰንና ቢል ቶድማን የእያንዳንዱን ክፍል ፊልም ለማስቀረት የሚያስፈልገውን ገንዘብ ለመክፈል በመስማማታቸው ከዚያ ወዲህ ያሉት ተጠብቀዋል። ጂ.ኤስ.ኤን. ከአርባ ዓመታት በኋላ ሲቋቋም ሊያሳየው የሚችለው ነገር መኖሩ እንዲህ ባሉ ውሳኔዎች ላይ የተመሠረተ ነበር።

የመጀመሪያዎቹ ዓመታት

ሶኒ ጣቢያውን ሲያቋቁም የብዙ ውድድሮች ባለቤት ነበር። ከእነዚህ መካከል ከመርቭ ግሪፊን ኩባንያ የመጡት «ጄፐርዲ!» እና «ዊል ኦፍ ፎርቹን» እንዲሁም ከቸክ ባሪስ ኩባንያ የመጡት «ዘ ዴቲንግ ጌም»፣ «ዘ ኒውሊዌድ ጌም» እና «ዘ ጎንግ ሾው» ይገኙበታል። ከዚህ በተጨማሪ የጉድሰንና ቶድማንን ክምችት የማሳየት ፈቃድ አግኝቷል። ይህ ክምችት ለድሮ ውድድሮች ወዳጆች ከሁሉ የላቀ ነበር። በውስጡ «ዋትስ ማይ ላይን?»፣ «አይቭ ጎት ኤ ሲክሬት»፣ «ቱ ቴል ዘ ትሩዝ»፣ «ፓስወርድ»፣ «ማች ጌም»፣ «ፋሚሊ ፊውድ» እና «ዘ ፕራይስ ኢዝ ራይት» ነበሩበት።

ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የጣቢያው ፕሮግራም በአብዛኛው ድጋሚ ስርጭት ነበር። ተመልካቹ ከዚያ በፊት በየትኛውም ቦታ ሊያገኛቸው የማይችላቸውን የጥቁርና ነጭ ፊልሞች ማየት ችሏል። እነዚህ ፊልሞች ከጨዋታው ባሻገር የዘመናቸውን አኗኗር ያሳያሉ። ለምሳሌ «አይቭ ጎት ኤ ሲክሬት» ለረጅም ጊዜ ስፖንሰሩ የሲጋራ ድርጅት ስለነበር የሲጋራው ስም በስቱዲዮው ውስጥ ይታያል። የሲጋራ ማስታወቂያ በአሜሪካ ቴሌቪዥን የተከለከለው በ1971 መጀመሪያ ነው።

ጣቢያው ቆየት ብሎ የጥቁርና ነጭ ውድድሮችን ወደ ሌሊት በማዛወር የተለየ ሰዓት መደበላቸው። ዝግጅቶቹ የሚታዩት አብዛኛው ሰው በተኛበት ሰዓት ስለነበር ወዳጆቻቸው በቪዲዮ ካሴት እየቀረጹ ያስቀምጧቸው ነበር።

«የጨለማው ዘመን»

የጉድሰንና ቶድማን ክምችት የሶኒ ንብረት አልነበረም። ፈቃዱ የጊዜ ገደብ ነበረው። በኦክቶበር 1997 ውሉ ሲያበቃ ጣቢያው አብዛኞቹን ታዋቂ ዝግጅቶቹን በአንድ ጊዜ አጣ። አዲስ ስምምነት እስከተደረገበት እስከ አፕሪል 1998 ድረስም በአብዛኛው የሶኒ ንብረት በሆኑት ውድድሮች ብቻ ቀጠለ። የጣቢያው ተከታታዮች እነዚህን ወራት «የጨለማው ዘመን» ብለው ይጠሯቸዋል።

ይህ ወቅት ስድስት ወር ያህል ብቻ ቢቆይም የጣቢያውን ደካማ ጎን አሳይቷል። በሌላ ሰው ንብረት ላይ የተመሠረተ ጣቢያ ውሉ ባለቀ ቁጥር ፕሮግራሙን ሊያጣ ይችላል። ውሉን ለማደስ ሲፈልግም ዋጋውን የሚወስነው ባለንብረቱ ነው። ከዚህ በኋላ ጣቢያው በራሱ ዝግጅቶች ላይ የሚያወጣው ገንዘብ እየጨመረ ሄደ። በ1998 የተጀመሩት «ኤክስትሪም ጎንግ» እና «ኢንኩዊዚሽን» ከቀደምቶቹ መካከል ናቸው። የመጀመሪያው ተመልካቾች በስልክ ድምፅ የሚሰጡበት የችሎታ ትርኢት ሲሆን በሁለተኛው ደግሞ ፊቱ የማይታይ ጠያቂ ተወዳዳሪዎችን ይፈትን ነበር።

የጣቢያው የራሱ ዝግጅቶች

በ2001 ሊበርቲ ሚዲያ የተባለው ኩባንያ የጣቢያውን ግማሽ ድርሻ ገዛ። በዚያው ዓመት ሪች ክሮኒን የጣቢያው ፕሬዚዳንት ሆነ። በ2002 በርካታ አዳዲስ ውድድሮች ተጀመሩ። ከእነዚህ ውስጥ ረጅም ዕድሜ ያገኘው ቸክ ዉለሪ ያቀርበው የነበረው «ሊንጎ» ነው። በዚህ ጨዋታ ተወዳዳሪዎች ባለ አምስት ፊደል ቃል ይገምታሉ። «ሊንጎ» ጂ.ኤስ.ኤን. የፈጠረው ጨዋታ አልነበረም፤ በ1980ዎቹ መጨረሻ በአሜሪካ ለአጭር ጊዜ ታይቶ ቆሟል፤ በኔዘርላንድስ ግን ተወዳጅ ሆኖ ቀጥሎ ነበር። የጂ.ኤስ.ኤን. የመጀመሪያ ምዕራፍም የተቀረጸው በኔዘርላንድስ በነበረው ስቱዲዮ ነው። ዝግጅቱ እስከ 2007 ቀጥሏል።

በዚያው ዓመት የተጀመረው «ረሺያን ሩሌት» በተሳሳተ መልስ ምክንያት ዕድሉ የጠመመበት ተወዳዳሪ ከቆመበት ወለል ሥር የሚወድቅበት ውድድር ነበር። «ፍሬንድ ኦር ፎ?» ደግሞ ሁለት ሰዎች አብረው ያገኙትን ገንዘብ ለመካፈል ወይም ለብቻ ለመውሰድ በድብቅ የሚወስኑበት ጨዋታ ነው። ሁለቱም ብቻዬን ልውሰድ ካሉ ሁለቱም ባዶ እጃቸውን ይወጣሉ።

ከ2006 በኋላ «ቼይን ሪአክሽን»፣ አልፎንሶ ሪቤይሮ ያቀረበው «ካች 21» እና በ2009 በአዲስ መልክ የተመለሰው «ዘ ኒውሊዌድ ጌም» ተከተሉ። በኦገስት 2012 የተጀመረውና ኮሜዲያኑ ጄፍ ፎክስዎርዚ ያቀረበው «ዘ አሜሪካን ባይብል ቻሌንጅ» ተወዳዳሪዎች በመጽሐፍ ቅዱስ እውቀታቸው የሚፎካከሩበትና ያሸነፉትን ገንዘብ ለበጎ አድራጎት የሚሰጡበት ነበር። የመጀመሪያውን ክፍል ከ1.7 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ተመልክተውታል። ይህም በዚያን ጊዜ ለጣቢያው የራሱ ዝግጅት ከፍተኛው ቁጥር ነበር።

በ2013 ከብሪታንያ የመጣው «ዘ ቼዝ» በብሩክ በርንስ አቅራቢነት ተጀመረ። ተወዳዳሪዎች ማርክ ላቤት ከተባለው የጥያቄና መልስ ባለሙያ ጋር የሚጋጠሙበት ይህ ውድድር በጂ.ኤስ.ኤን. እስከ 2015 ከታየ በኋላ በ2021 በኤ.ቢ.ሲ. እንደገና ተጀምሯል። በዚህ ጊዜ አሜሪካዊው ተመልካች ጨዋታውን ያወቀው በትንሹ ጣቢያ፣ ቀጥሎም በትልቁ ነው።

የማይክል ላርሰን ጉዳይ

የቆየው ቀረጻና አዲሱ ዝግጅት በአንድ ላይ የተሳኩበት ዋና ምሳሌ በ2003 የታየው ዘጋቢ ፊልም ነው። ማይክል ላርሰን ከኦሃዮ ግዛት የመጣ የአይስክሬም መኪና ሹፌር ነበር። በ1984 በሲ.ቢ.ኤስ. «ፕሬስ ዩር ላክ» በተባለው ውድድር ቀርቦ 110,237 ዶላር በጥሬ ገንዘብና በሽልማት አሸነፈ። በጨዋታው ሰሌዳ ላይ መብራቱ እየዘለለ ሲዞር ተወዳዳሪው ቁልፍ ተጭኖ ያስቆመዋል፤ «ዋሚ» የተባለው ምስል ላይ ካረፈ ያገኘውን ገንዘብ ሁሉ ያጣል። ላርሰን ዝግጅቱን በቤቱ በቪዲዮ ካሴት እየቀረጸ ደጋግሞ ሲያይ የመብራቱ አካሄድ አምስት ቅደም ተከተሎች ብቻ እንዳሉት ደረሰበት፤ በቃሉም አጠናቸው። ሲ.ቢ.ኤስ. ሕግ የጣሰ ሆኖ ስላላገኘው ሽልማቱን ከፍሎታል።

ጣቢያው ክፍሎቹ በድጋሚ እንዲታዩ ለረጅም ጊዜ አልፈለገም ነበር። ጂ.ኤስ.ኤን. በማርች 2003 ታሪኩን በዘጋቢ ፊልም መልክ ሲያቀርብ ተቆርጠው የቀሩ ምስሎችንም አሳየ፤ ፊልሙም በወቅቱ በጣቢያው ታሪክ ከፍተኛውን የተመልካች ቁጥር አገኘ። ከዘጋቢ ፊልሙ ጋር በተያያዘ የላርሰን ወንድምና በ1984 አብረውት የተወዳደሩት ሁለት ሰዎች በ«ዋሚ!» ላይ ተጋጠሙ። «ዋሚ!» ጂ.ኤስ.ኤን. ራሱ ከ2002 ጀምሮ ያዘጋጀው የ«ፕሬስ ዩር ላክ» አዲስ እትም ነው።

የ2004 የስም ለውጥ

በማርች 2004 ጣቢያው ስሙን ወደ አጭሩ «ጂ.ኤስ.ኤን.» ለውጦ «የጨዋታዎች ጣቢያ» የሚል መፈክር ያዘ። ዓላማው ከስቱዲዮ ውድድር ውጭ ያሉ ጨዋታዎችን በመጨመር ወጣት ተመልካቾችን መሳብ ነበር። የብላክጃክ ውድድርና ከ2006 ጀምሮ «ሃይ ስቴክስ ፖከር» የተባለው የካርታ ጨዋታ ታዩ። እንደ «ዘ አሜዚንግ ሬስ» ያሉ የእውነታ ትርኢቶችም በድጋሚ ቀርበዋል።

ከለውጡ በስተጀርባ የማስታወቂያ ገበያው ነበር። የድሮ ውድድሮች ታማኝ ተመልካቾች በዕድሜ የገፉ ሲሆኑ ማስታወቂያ ነጋሪዎች ከፍ ያለ ዋጋ የሚከፍሉት ለወጣቱና ለጎልማሳው ተመልካች ነው። ይሁን እንጂ ጣቢያው የቆዩትን አልተወም። በ2006 የምንጊዜም ምርጥ 50 ውድድሮችን በደረጃ ሲያቀርብ አንደኛ የሆነው በ1970ዎቹ ጂን ሬይበርን ያቀርበው የነበረው «ማች ጌም» ነው።

ከኬብልቪዥን ጋር የነበረው ክርክር

በኒው ዮርክ አካባቢ ኬብል ያቀርብ የነበረው ኬብልቪዥን በፌብሩዋሪ 2011 ጂ.ኤስ.ኤን.ን ከመደበኛው ጥቅል አውጥቶ ተጨማሪ ክፍያ ወደሚጠይቀው የስፖርት ጥቅል አዛወረው። ጂ.ኤስ.ኤን. በዚያው ዓመት ለፌዴራል የኮሙኒኬሽን ኮሚሽን አቤቱታ አቀረበ። ክርክሩ ኬብልቪዥን በቅርብ ግንኙነት ለነበረው «ዊ ቲቪ» ለተባለው የሴቶች ጣቢያ አድልቷል የሚል ነበር።

ስለዚህ ጂ.ኤስ.ኤን. ምን ዓይነት ጣቢያ ነው፣ የሚመለከተውስ ማን ነው የሚለው ጥያቄ በሕግ ፊት ቀረበ። ጂ.ኤስ.ኤን. የእሱም ዋና ተመልካቾች ሴቶች መሆናቸውን ሲከራከር ኬብልቪዥን ሁለቱ ጣቢያዎች አይመሳሰሉም አለ። በኖቬምበር 2016 ጉዳዩን ያዩት ዳኛ ለጂ.ኤስ.ኤን. ፈረዱ። ኮሚሽኑ ግን በጁላይ 2017 ውሳኔውን ሻረው።

ፋሚሊ ፊውድ

ከ2010ዎቹ ጀምሮ በጂ.ኤስ.ኤን. ብዙ ሰዓት የያዘው ዝግጅት አዲስም የድሮም ሊባል የሚያስቸግር ነው። «ፋሚሊ ፊውድ» ሁለት ቤተሰቦች 100 ሰዎች ለአንድ ጥያቄ የሰጡትን መልስ የሚገምቱበት ውድድር ሲሆን በ1976 በሪቻርድ ዶውሰን አቅራቢነት ተጀምሯል። ከ2010 ጀምሮ አቅራቢው ኮሜዲያኑ ስቲቭ ሃርቪ ነው። ከእሱ መምጣት በኋላ የዝግጅቱ ተመልካች በጣም ጨምሯል።

ጂ.ኤስ.ኤን. የሃርቪን ክፍሎች በቀን ለብዙ ሰዓታት በድጋሚ ያሳያል። እነዚህ ክፍሎች ድጋሚ ስርጭት ቢሆኑም የቆዩ አይደሉም፤ ዋናው ዝግጅትም በሌሎች ጣቢያዎች በአዲስ መልክ እየቀጠለ ነው። ስለዚህ በጣቢያው ፕሮግራም ላይ የሚደረገው ፉክክር በሁለት ወገን ብቻ የተወሰነ አይደለም። የጥንቶቹ ውድድሮች፣ የቅርብ ጊዜ ድጋሚዎችና የጣቢያው የራሱ ዝግጅቶች አንዱ የሌላውን ሰዓት ይሻማሉ። በዚህ ሽሚያ ብዙ ቦታ ያጡት የጥንቶቹ ናቸው።

የጣቢያው አዳዲስ ዝግጅቶችም ከ«ፋሚሊ ፊውድ» ጎን እንዲስማሙ ሆነው የተሠሩ ናቸው። በ2018 የተጀመረውና ተዋናዩ ጆን ማይክል ሂጊንስ ያቀረበው «አሜሪካ ሴይስ» ሁለት ቡድኖች በሕዝብ አስተያየት ላይ የተመሠረቱ ያልተሟሉ ዓረፍተ ነገሮችን የሚያሟሉበት ነው። በ2019 የተጀመረው «ኮመን ኖውሌጅ» እና ቀጥሎ የመጣው «ማስተር ማይንድስ» የጥያቄና መልስ ውድድሮች ናቸው።

ወጪና ገቢ

ድጋሚ ስርጭት ለጣቢያው ዝግጁ ዕቃ እንደመከራየት ነው። ስቱዲዮ፣ ሠራተኛና ሽልማት አያስፈልገውም፤ የሚከፈለው የፈቃዱ ዋጋ ብቻ ነው። ነገር ግን ውሉ ሲያልቅ ለጣቢያው የሚቀርለት ነገር የለም። አዲስ ዝግጅት በአንጻሩ ገና ተመልካች ይኑረው አይኑረው ሳይታወቅ ወጪው በቅድሚያ ይወጣበታል። ከተሳካ ግን መብቱን የያዘው ጣቢያ ለዓመታት ደጋግሞ ሊያሳየውና ለሌሎችም ሊሸጠው ይችላል።

ይህ ስሌት በሽልማቱ መጠንም ይታያል። በ«ካች 21» ከፍተኛው ሽልማት 25,000 ዶላር፣ በ«አሜሪካ ሴይስ» ደግሞ 15,000 ዶላር ነበር። ላርሰን በ1984 ያገኘው ከሁለቱ ድምር በእጅጉ ይበልጣል።

የጥንቶቹ ውድድሮች አዲስ ቤት

የጉድሰንና ቶድማን ክምችት በጊዜ ሂደት የፍሪማንትል ኩባንያ ንብረት ሆኗል። ፍሪማንትል በጁን 2015 «ባዘር» የተባለ የራሱን ጣቢያ በቴሌቪዥን ከፈተ። ባዘር በአንቴና በነጻ የሚታይ ሲሆን ፕሮግራሙ በአብዛኛው ከዚሁ ክምችት የተወሰደ ነው። «ዋትስ ማይ ላይን?»፣ «ፓስወርድ»፣ «ማች ጌም» እና ዶውሰን ያቀረባቸው የ«ፋሚሊ ፊውድ» ክፍሎች ታይተውበታል። በዚህ መንገድ ጂ.ኤስ.ኤን. በ1994 የተነሣበት ሥራ ወደ ክምችቱ ባለቤት ተሻግሯል።

ለድሮ ውድድሮች ወዳጆች ጥያቄው ከመዝናኛ ያለፈ ነው። ከመጥፋት የተረፈ ቀረጻ በማኅደር ቢቀመጥም የሚያሳየው ጣቢያ ካላገኘ ሕዝብ ሊያየው አይችልም። ቀረጻውን ወደ ዲጂታል ለመለወጥ ገንዘብ የሚመደበውም ብዙ ጊዜ ለስርጭት ሲፈለግ ነው።

በሌላ በኩል ጂ.ኤስ.ኤን. ራሱ ያሠራቸው ዝግጅቶች በተራቸው የቆዩ እየሆኑ ነው። በ2017 ሶኒ በወቅቱ በኤ.ቲ. ኤንድ ቲ. እጅ የነበረውን 42 በመቶ ድርሻ በመግዛት የጣቢያው ብቸኛ ባለቤት ሆኗል። «ቼይን ሪአክሽን» እና «ካች 21» ከቆሙ ከዓመታት በኋላ በድጋሚ ሲታዩ ኖረዋል፤ «ካች 21» በ2019፣ «ቼይን ሪአክሽን» ደግሞ በ2015ና በ2021 በአዲስ ክፍሎች ተመልሰዋል። በ1994 በሌሎች ሰዎች ክምችት ላይ ተመሥርቶ የተጀመረው ጣቢያ ከሠላሳ ዓመታት በኋላ የራሱ ክምችት ባለቤት ነው።